ከጀልዱ የተነሣው ሯጭ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ስትሄዱ ጊንጪን ታገኛላችሁ። ከጊንጪ ወደ ሰሜን ታጥፎ ሽቅብ የሚወጣ መንገድ አለ። ያ መንገድ ወደ ጀልዱ ወረዳ ይወስዳል። የወረዳው ከተማ ጎጆ ትባላለች። አገሩ ደጋ ነው። ገብስና ድንች በብዛት ይበቅልበታል። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ያንዘፈዝፋል።

አትሌት ፈይሳ ሌሊሳ የተወለደው በዚህ ወረዳ ነው። የተወለደውም በ1982 ዓ.ም. ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ፈይሳ በሩጫ እንጀራውን ያገኘ ሰው ነው። ብዙ ሰው ስሙን የሚያውቀው ግን በአንድ ቀን ባደረገው ነገር ነው። ወደዚያ ቀን እንደርሳለን። አስቀድመን ሥራውን እንይ። ሩጫ ሥራ ነው ሲባል ምን ማለት ነው? ሰው ሮጦ እንዴት ይበላል? ይህን ካላወቅን ፈይሳ በዚያ ቀን ምን እንዳስያዘ አይገባንም።

ሩጫ እንዴት እንጀራ ይሆናል?

የፈይሳ ሩጫ ማራቶን ይባላል። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ሆለታ ያለውን መንገድ ያህላል ብትሉ ብዙ አትሳሳቱም። ይህን መንገድ ገበያተኛ በእግሩ ቢሄደው ማለዳ ተነሥቶ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ማራቶን ሯጭ ግን በሁለት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል። ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በረካው እስኪጠጣ ድረስ ማለት ነው። እያንዳንዷን ኪሎ ሜትር በ3 ደቂቃ ገደማ ያልፋታል። እንዲህ እያደረገ 42 ጊዜ ይደጋግማታል።

ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? በዓለም ላይ ትልልቅ ከተሞች በየዓመቱ ማራቶን ያዘጋጃሉ። ቶኪዮ፣ ለንደን፣ ቺካጎ፣ ሮተርዳም፣ ደብሊን፣ እነዚህ ሁሉ ያዘጋጃሉ። አዘጋጆቹ ጥሩ ሰዓት ያለውን ሯጭ ይጠሩታል። ስሙ የገነነ ከሆነ ገና ለመምጣቱ ብቻ ይከፍሉታል። ካሸነፈ ደግሞ ሽልማት አለው። የጫማ ፋብሪካዎችም የእነሱን ጫማና ልብስ አድርጎ እንዲሮጥ ይከፍሉታል። ሯጩን ከአዘጋጆቹ ጋር የሚያገናኘው ሰው ማናጀር ይባላል። እንደ ደላላ ነው። ከሚገኘው ገንዘብ ድርሻውን ይወስዳል።

ይህ ሁሉ ሲሰማ ቀላል ይመስላል። ቀላል ግን አይደለም። ጥሩ ማራቶን ሯጭ በዓመት የሚሮጠው ብዙ ጊዜ ሁለት ማራቶን ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ሰውነቱ አይችልም። ለአንዷ ውድድር ወራት ይዘጋጃል። በዚያች ዕለት ሆዱን ቢያመው፣ ጅማቱ ቢሸማቀቅ፣ የግማሽ ዓመት ድካም ገደል ገባ ማለት ነው። ገበሬ አዝመራው ደርሶ ሳለ በረዶ ቢወርድበት እንደሚሆነው ነው። ሯጭ ግን የሚሸጠው በሬም ሆነ የሚያከራየው መሬት ላይኖረው ይችላል። ያለው ሀብት እግሩና ሳንባው ነው። ያም ሀብት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያልቃል።

አንድ ነገር እንጨምር። የደጋ ሰው ለምን በሩጫ ይበረታል? በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ነው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያነሰ ነው። ኦክስጅን ሰውነታችን ለመሥራት የሚፈልገው የአየር ክፍል ነው። እሱ ሲያንስ ሰውነት ዘዴ ያበጃል። ኦክስጅን የሚሸከሙትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያበዛል። እንዲህ ያለ ደም ያለው ሰው ወደ ቆላ ወርዶ ሲሮጥ ብርታት ያገኛል። በደጋ መወለድ ብቻውን ግን ሯጭ አያደርግም። ቢያደርግማ ኖሮ ጀልዱ በሙሉ ሜዳልያ በሜዳልያ በሆነ ነበር። ልምምዱ ነው ዋናው።

ከምዕራብ ሸዋ የወጣው ሯጭ ፈይሳ ብቻ አይደለም። አምቦ የተወለደው ፊጣ ባይሳ ከእሱ በፊት ነበር። ፊጣ የ5 ሺህ ሜትር ሯጭ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በዓለም ሻምፒዮና ሁለተኛ ወጣ። በ1984 ዓ.ም. ደግሞ በባርሴሎና ኦሊምፒክ ሦስተኛ ሆኖ የነሐስ ሜዳልያ አገኘ። ያን ጊዜ ፈይሳ ገና ሕፃን ነበር።

ከደብሊን እስከ ቶኪዮ

ፈይሳ ማራቶን የጀመረው በወጣትነቱ ነው። በ2002 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በአየርላንድ አገር፣ በደብሊን ከተማ ሮጠ። 20 ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። አሸነፈ። ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ ወደ ቻይና ሄዶ በሺያመን ከተማ አሸነፈ።

ሚያዝያ ላይ ደግሞ በሆላንድ፣ በሮተርዳም ሮጠ። ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ሆነ። የወጣው ግን አራተኛ ነው። አያችሁ? እንዲህ ሮጦም ሦስት ሰዎች ቀደሙት። ሦስቱም ኬንያውያን ነበሩ። ሆኖም በ20 ዓመቱ እንዲህ ያለ ሰዓት ማምጣቱ ብዙ ሰው አስደነቀ። ከጥቂት ወራት በኋላ በአሜሪካ፣ በቺካጎ ሦስተኛ ወጣ።

በ2003 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ የዓለም ሻምፒዮና በደቡብ ኮሪያ፣ በዴጉ ከተማ ተደረገ። ፈይሳ ሦስተኛ ሆኖ ለኢትዮጵያ የነሐስ ሜዳልያ አመጣ። በ2004 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በሂዩስተን ከተማ ግማሽ ማራቶን አሸነፈ። ግማሽ ማራቶን 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እሱ ግን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨረሰው።

ከሁሉ የሚበልጠውን ሰዓት ያመጣው በ2005 ዓ.ም. መስከረም ወር ነው። ውድድሩ የቺካጎ ማራቶን ነበር። 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ሮጠ። ያሸነፈው ሌላው ኢትዮጵያዊ ፀጋዬ ከበደ ነው። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት 14 ሰከንድ ብቻ ነበር። ይህን ቁጥር ያዙት። ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

እንዲህ ያለ ሯጭ ሆኖም ፈይሳ በ2004 ዓ.ም. በለንደን ኦሊምፒክ አልሮጠም። ለምን? አንድ አገር ለኦሊምፒክ ማራቶን ከሦስት ወንዶች በላይ መላክ አይችልም። ኢትዮጵያ ደግሞ የፈጣን ሯጭ ድሃ አይደለችም። ከብዙ ፈጣኖች መካከል ሦስት ብቻ ሲመረጡ ጎበዙም ይቀራል። ፈይሳ አራት ዓመት ጠበቀ። በ2008 ዓ.ም. የካቲት 20 ቀን የቶኪዮን ማራቶን አሸነፈ። ከዚያም በብራዚል አገር፣ በሪዮ ለሚደረገው ኦሊምፒክ ተመረጠ።

በዚያው ዓመት በአገር ቤት

አሁን ወደ ጊንጪ እንመለስ። ነገሩን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱት ይሆናል።

ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. በጊንጪ ተማሪዎች ተቃውሞ አነሡ። አንድ የተማሪዎች መጫወቻ ሜዳና የጭልሞ ደን ለባለሀብት ሊሰጥ ነው በሚል ነበር። ከዚህ ሌላ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የሚባል ነገር ነበር። ማስተር ፕላን ማለት አንድ ከተማ ወደፊት እንዴት እንደሚያድግ የሚያሳይ ዕቅድ ነው። ዕቅዱ አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉት የኦሮሚያ ከተሞችና ገጠሮች ጋር የሚያያይዝ ነበር። ገበሬዎች ከመሬታችን እንፈናቀላለን ብለው ሰጉ። በ2006 ዓ.ም. በዚሁ ጉዳይ አምቦ ላይ ተቃውሞ ተነሥቶ ሰው ሞቶ ነበር።

የ2008ቱ ተቃውሞ ግን ከጊንጪ ተነሥቶ መላውን ኦሮሚያ አዳረሰ። መንግሥት ጥር ላይ ዕቅዱን ትቼዋለሁ አለ። ተቃውሞው ግን አልቆመም። ብዙ ሰው ታሰረ። ብዙ ሰው ሞተ። የመንግሥቱ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን በሰኔ ወር ለምክር ቤት ባቀረበው ሪፖርት በኦሮሚያ 173 ሰዎች መሞታቸውን ተናገረ። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የውጭ ድርጅት ደግሞ በዚያው ወር ከ400 በላይ ሞተዋል አለ።

በዚያን ጊዜ ተቃዋሚዎች አንድ ምልክት ነበራቸው። ሁለት እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አንሥተው አንጓው ላይ ያጣምሩታል። እጁ የታሰረ ሰው ይመስላል። ባዶ እጄን ነኝ፣ መሣሪያ የለኝም እንደማለትም ይቆጠራል። አንድ ቃል ሳይናገሩ ብዙ ይናገሩበት ነበር።

ፈይሳ ይህ ሁሉ ሲሆን በልምምድ ላይ ነበር። ዘመዶቹ ታስረው እንደነበር በኋላ ለጋዜጠኞች ተናግሯል።

ነሐሴ 15 ቀን

የሪዮ ኦሊምፒክ የመጨረሻ ቀን ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ነበር። የወንዶች ማራቶን የተደረገው በዚያ ዕለት ነው። ዝናብ ይዘንብ ነበር። ከ150 በላይ ሯጮች ተነሡ።

መጀመሪያ ላይ ብዙዎች አብረው ሮጡ። ማራቶን እንዲህ ነው። ሰው የሚለየው መጨረሻ ላይ ነው። በጡንቻችን ውስጥ የተከማቸ ስኳር አለ። ሰውነት በሩጫ ጊዜ እሱን ያቃጥላል። ወደ 30ኛው ኪሎ ሜትር ሲደርሱ ይህ ስንቅ ይመናመናል። ያን ጊዜ እግር እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ከዚህ በኋላ የሚሮጠው ስንቁን አብቃቅቶ የያዘ ሰው ነው።

35ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ከፊት የቀሩት ሦስት ነበሩ። የኬንያው ኤሊውድ ኪፕቾጌ፣ የአሜሪካው ጌለን ራፕና ፈይሳ ሌሊሳ። ከዚያ ኪፕቾጌ ፍጥነቱን ጨመረ። ሊከተለው የቻለ አልነበረም። ኪፕቾጌ በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ገባ።

ፈይሳ ሁለተኛ ሆኖ ወደ መጨረሻው መስመር መጣ። የአሜሪካው ሯጭ ከኋላው እየደረሰ ነበር። ርቀታቸው 11 ሰከንድ ብቻ ሆኖ ነው የጨረሱት። እንዲህ ባለ ሰዓት ሰው እጁን የሚፈልገው ለሩጫ ነው። ፈይሳ ግን እጆቹን ወደ ላይ አነሣ። አጣመራቸውም። እንዳጣመራቸው መስመሩን አለፈ። 2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ። የብር ሜዳልያ።

የጊንጪን፣ የአምቦን፣ የጀልዱን ምልክት ዓለም በሙሉ በቴሌቪዥን አየው። ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቀ። ፈይሳ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ መልስ ሰጠ። በአገሬ ሰው እየተገደለ ነው፣ እኔም ሕዝቤን ደግፌ ነው ያደረግሁት አለ። ወደ አገሬ ብመለስ ይገድሉኛል፣ ካልገደሉኝም ያስሩኛል ብሎ ተናገረ። እዚያም እጆቹን እንደገና አጣመረ።

ኦሊምፒክ ሕግ አለው። የሕጉ 50ኛ አንቀጽ በውድድር ቦታ የፖለቲካ ምልክት ማሳየትን ይከለክላል። እንዲህ ያለ ነገር አድርገው የተቀጡ ሰዎች ነበሩ። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን ሯጮች፣ ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ፣ የሽልማት ሰገነት ላይ ቆመው ጥቁር ጓንት ያጠለቀ እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ አንሥተው ነበር። የጥቁሮችን በደል ለማሳየት ነው። ከቡድናቸው ተባረሩ። (ማሞ ወልዴ ማራቶን ያሸነፈው በዚያው ኦሊምፒክ፣ ከአራት ቀን በኋላ ነው።) ፈይሳ ግን ሜዳልያውን አልተቀማም። የኢትዮጵያ መንግሥት ቃል አቀባይም ፈይሳ ቢመለስ ችግር አይደርስበትም፣ እንደ ጀግና እንቀበለዋለን አለ። ፈይሳ አላመነም። አልተመለሰም።

ምን አስያዘ?

እዚህ ላይ ስለ ሥራው ያልነውን አስታውሱ።

ፈይሳ ያን ጊዜ 26 ዓመቱ ነበር። ለማራቶን ሯጭ ይህ ጥሩ ዕድሜ ነው። በየካቲት ቶኪዮን አሸንፏል፣ በነሐሴ በኦሊምፒክ ሁለተኛ ሆኗል። ስሙ ከፍ ያለበት ጊዜ ነበር። እንዲህ ያለ ሯጭ ማድረግ የሚገባው ሥራ ቢጠየቅ ማንም ሊመልሰው ይችላል። አገሩ ገብቶ ያርፋል፣ በለመደው ደጋ፣ ከለመዳቸው ጓደኞቹ ጋር ይለማመዳል፣ በሚቀጥለው ውድድር ብዙ ይከፈለዋል። ኦሊምፒክ ራሱ ያን ጊዜ ለሯጩ ገንዘብ አይሰጥም ነበር። ጥቅሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፈይሳ ያስያዘው ያን ነበር።

ከዚህ የሚበልጥም ነበር። ባለቤቱና ሁለት ልጆቹ አገር ቤት ነበሩ። እሱ ብራዚል ቀረ። ያንን ጊዜ በሐሳቡ ውስጥ ገብቶ ማን ሊያየው ይችላል? ሜዳልያ በእጁ ነው። ልጆቹ ግን ሌላ አህጉር ላይ ናቸው። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ሌሎች ሰዎች ገንዘብ አዋጡለት። ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ አሜሪካ ገባ። ቤተሰቡ ወደ እሱ የመጣው በ2009 ዓ.ም. የካቲት 7 ቀን ነው። በሚያሚ አየር ማረፊያ ተገናኙ። ስድስት ወር ተለያይተው ነበር።

አሜሪካ ውስጥ የኖረው አሪዞና በሚባል ግዛት፣ ፍላግስታፍ በምትባል ከተማ ነው። ከተማዋ ከፍታ ላይ ያለች ስለሆነች ብዙ ሯጮች ይለማመዱባታል። ከፍታውስ አለ። ግን ከፍታ ብቻውን ምን ያደርጋል? ኢትዮጵያ ውስጥ ሯጭ ብቻውን አይሮጥም። አሥርም አሥራ አምስትም ሆኖ በጫካው ውስጥ ይሮጣል። አንዱ ሲደክም ሌላው ይጎትተዋል። ደቦ ማለት ነው። ሰው ብቻውን አርሞ የሚጨርሰው ማሳ ስንት ነው?

ፈይሳ እዚያም ሆኖ ሠርቷል። በ2009 ዓ.ም. መጋቢት የኒውዮርክን ግማሽ ማራቶን አሸነፈ። በኮሎምቢያ፣ በቦጎታም ግማሽ ማራቶን አሸነፈ። በማራቶን ግን በ2005 ዓ.ም. በቺካጎ ያመጣውን ያን 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ከዚያ በኋላ አላሻሻለውም።

መመለሻው

በ2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ብዙ ነገር ተለወጠ። የካቲት ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሥልጣን እለቃለሁ አሉ። መጋቢት ላይ ዐቢይ አሕመድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ታስረው የነበሩ ብዙ ሰዎች ተፈቱ። ከአገር የወጡም ይመለሱ ጀመር። የአትሌቲክስ ፌዴሬሽንና የኦሊምፒክ ኮሚቴም ፈይሳ እንዲመለስ ጠሩት።

ጥቅምት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋር ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰ። ባለሥልጣኖች ነበሩ። ወዳጅ ዘመዱ ነበር። ብዙ ሕዝብም ወጥቶ ተቀበለው። አሁንም እጆቹን አነሣ። ከሄደ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሆኖት ነበር።

ዕድሜው 28 ነበር። ለማራቶን አላረጀም። በሪዮ ያሸነፈው ኪፕቾጌ ያን ዕለት 31 ዓመቱ ነበር። ኪፕቾጌ ከሪዮ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በለመደው ደጋ፣ ከለመዳቸው ጓደኞቹ ጋር ልምምዱን ቀጠለ። ፈይሳ ቦሌ ከመግባቱ ከአንድ ወር ጥቂት ቀን በፊት፣ መስከረም 6 ቀን፣ በጀርመን አገር በበርሊን ከተማ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ39 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ዕድሜው 33 ነበር። ፈይሳ ያን ሁለት ዓመት በአገሩ ቢለማመድ ኖሮ እንዲህ ይሮጥ ነበር ማለት አይቻልም። በሪዮ ዝናብ ውስጥ ግን እስከ 35ኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ከዚህ ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ሮጦ ነበር።